ከመታጠፊያው በፊት የሚነፋ ፊሽካ

«ባትነፊው ኖሮ አትወድቅም ነበር።»

«ባልነፋው ኖሮ ሽንኩርቷ ከነሸራው መኪና ላይ ይጫን ነበር።»

«እኔ የማወራሽ ስለ እናቴ እጅ ነው፤ አንች ስለ ሽንኩርት ታወሪኛለሽ!»

«በዚያ ሽንኩርት ነው ያሳደገችህ። አትናቀው።»

ባምላኩና የብርጓል ከኳስ ሜዳው ግንብ ሥር ቆመዋል፤ እሱ ጋዋኑን ክንዱ ላይ ጥሎ፣ እሷ የደንብ ልብሷን እንደለበሰች። ከክፍል እንደወጣ በቀጥታ መምጣቱ ያስታውቃል፤ የጠመኔ ብናኝ ቅንድቡ ላይ ቀርቷል። ሌላ ቀን ቢሆን የብርጓል በአውራ ጣቷ ትጠርግለት ነበር። ዛሬ አይታ ተወችው።

እናቱ ከወደቁ ወዲህ ይኸንኑ ጠብ ሲጣሉት ከርመዋል። እሱ «ለምን ነፋሽ» ይላል፤ እሷ «ለምን እንደነፋሁ ታውቃለህ» ትላለች። ዛሬ ልዩነቱ ሁለቱም ቃላቸውን የሚያወጡት እንደ ደከመ ሰው መሆኑ ብቻ ነው።

የብርጓል የከተማው ደንብ አስከባሪ ናት። ከመናኸሪያው ወደ ገበያው በሚወስደው መንገድ ዳር ጉልት የሚዘረጉትን ታስነሳለች፤ የእግረኛ መንገድ ታስለቅቃለች፤ ቆሻሻ የሚጥለውን ትመክራለች፤ አልሰማ ያለውን ታስቀጣለች። አሠራሩ የታወቀ ነው። ወደ ጉልቱ ከሚያስገባው መታጠፊያ ሲደርሱ ድምፅ ማሰማት የለም፤ በድንገት ይገባል፣ የተዘረጋው ይነሳል፣ የተነሳው መኪና ላይ ይጫናል። እሷ ግን ከመታጠፊያው በፊት ፊሽካዋን አንዴ ረዘም አድርጋ ትነፋለች። ለምን ነፋሽ ላላት «ባጃጅ ላስቆም ብዬ» ትላለች። እነሱ ታጥፈው እስኪመጡ ድረስ ባለችው ትንሽ ፋታ ሴቶቹ ሸራቸውን በአራት ጫፉ አፍሰው ከየግቢው በር ኋላ ይገባሉ። ይኸን ምስጢር የብርጓል የነገረችው ለባምላኩ ብቻ ነው። ሲሰማ የሳመው እጇን ነበር።

የዚያን ቀን ግን እናቱ ፊሽካውን ሰምተው ዘለው ሲነሱ፣ ሲቀመጡበት የዋለው እግራቸው ደንዝዞ ኖሮ ከጎርፍ መውረጃው ቦይ ውስጥ ወደቁ። ቀኝ እጃቸው ከአንጓው ላይ ተሰበረ። ሴቶቹ ተረባርበው ሲያነሷቸው የብርጓል ከመታጠፊያው ብቅ ብላ አየች። ልትሮጥ አሰበች፤ አልሮጠችም። ፊሽካው አፏ ላይ እንዳለ ቆማ ቀረች።

«እሑድ ሽማግሌ ወደ አገርሽ ይጁቤ ይሄዳል» አለ ባምላኩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሽማግሌ የሚሆኑልን አቶ ታዲዮስ ኮታቸውን ሳይቀር አሳጥበዋል። መንገዱ ክፍት ከሆነ እሑድ ረፋድ ላይ አባትሽ ደጅ ይቆማሉ። እናቴም ደስ ብሏታል፤ ወዳሻለች። ነገ ስብሰባው ላይ ካላየችሽ በቀር…»

«ካላየችኝ በቀር ምን?»

«ካየችሽማ አለቀ።»

«ለመሆኑ ምን ብለህ ነው የነገርካት?»

«ማዘጋጃ ቤት ነው የምትሠራ አልኳት። ውሸት ነው?»

የብርጓል ሳትፈልግ ሳቀች። «ወንበር ላይ ተቀምጬ ማኅተም የምመታ መስሏታል እኮ!»

«እኔ ማኅተም አላልኩም።»

«ወንበርስ?»

ባምላኩ ጥቂት አሰበ። «ወንበር ብዬ ይሆናል።»

እሱም ሳቀ። ለአንድ አፍታ እንደ ድሮው ሆኑ፤ ያን ጊዜ መናኸሪያው በር ላይ «መምህር፣ የሙዝ ልጣጭ የሚጣለው እዚያ ነው» ብላ ስታስቆመው፣ ልጣጩን አንሥቶ ቅርጫቱ ድረስ ሄዶ ጥሎ ተመልሶ «አለቀ ወይስ ትቀጭኛለሽ?» እንዳላት። ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ። ከጮቄ ተራራ በኩል የመጣው ደመና ሜዳውን ጥላ አለበሰው።

በማግስቱ የከተማው ምክር ቤት ነዋሪውን ሊያወያይ ቀጠሮ ይዟል። ከተማው ደንብ አስከባሪ እየቀጠረ ይኑር ወይስ ይቅር፤ ጉዳዩ ይኸው ነው። ጉልት ሻጮቹ ተጠርተዋል። ደንብ አስከባሪዎቹም ልብሳቸውን እንደለበሱ እንዲገኙ ታዝዘዋል።

«ታምሜያለሁ በይ» አላት።

«ዛሬ ማታ አንተ ብትነግራትስ?»

«ከሠርጉ በኋላ እነግራታለሁ።»

«ከሠርግ በኋላ የሚነገር እውነት ፍቺ ነው የሚባለው ባምላኩ።»

«እንግዲያው ልቀቂው!» ብሎ ድንገት ጮኸ፤ ሜዳው ላይ ኳስ የሚጫወቱት ዞር አሉ። ድምፁን መለሰ። «ልቀቂው የኔ እመቤት። ከዚህ ሥራ ምን አለሽ? ባለ ሱቁ ‹መንገዱን አላስለቀቅሽልኝም› ብሎ ይሰድብሻል፤ ባለ ጉልቷ ‹ልጆቼን አስራብሽ› ብላ ትረግምሻለች። የሚያመሰግንሽ ማን ነው?»

«ማንም።»

«ታዲያስ?»

«እኔ ብለቅ በቦታዬ የሚመጣው ሰው ይነፋል?»

ባምላኩ ሲያስብ እንደሚያደርገው ጋዋኑን ከአንዱ ክንዱ ወደ ሌላው አዛወረ።

«እኔ እሱን አላውቅም» አለ በመጨረሻ። «የማውቀው እናቴ ቀኝ እጇ አልታዘዝ ብሏት፣ በግራ ማማተቡ ኃጢአት መስሏት፣ ጠዋት ጠዋት ደጃፍ ላይ ቆማ ስታለቅስ ማየቴን ነው።»

የብርጓል ከዚህ በኋላ አልተከራከረችም። ኮፍያዋን አጠለቀችና ቁልቁል ወደ ቤቷ ወረደች። መንገዱን ሙሉ ያሰበችው ቅንድቡ ላይ የቀረውን ጠመኔ ነበር፤ ሳትጠርግለት መሄዷ ከተባባሉት ሁሉ ይልቅ ሲቆጫት ቆየ።

*

ፀሐይ ሳትጠልቅ ልብሷን ለውጣ፣ ነጠላዋን ደርባ ወደ ባምላኩ እናት፣ ወደ እማማ ዓይናዲስ ቤት ሄደች። ባምላኩ «የምነግርሽ ልጅ ይቺ ናት» ብሎ ካስገባት ጀምሮ ምሽት ምሽት ሳትሄድ የቀረችበት ቀን የለም። ወጥ ትሠራለች፣ ዕቃ ታጥባለች፣ ወጌሻው ያሰረውን ጨርቅ ላላ ሲል ታጠብቃለች። ከሁሉም በላይ ግን ታጎርሳቸዋለች።

ፊቷን አለማወቃቸው መጀመሪያ ላይ አስገርሟት ነበር። ስንት ጊዜ አጠገባቸው አልፋለች! ኋላ ላይ ገባት። ጉልት የሚቀመጥ ሰው ከጉልበት በላይ አያይም። ደንብ አስከባሪ ለእሱ ቡትስ ጫማ ነው፤ ዓይኑ የሚከተለው ወዴት እንደሚራመድ እንጂ የማን እንደሆነ አይደለም።

ባምላኩ ደጃፉ ላይ በርጩማ ስቦ ተቀምጧል። ስትገባ ቀና ብሎ አያት፤ እሷም አየችው። ዓይኗ «ንገራት» አለ። የእሱ ዓይን ጫማውን ሲፈልግ ወደ መሬት ወረደ።

«ነይ ልጄ፣ ነይ» አሉ እማማ ዓይናዲስ ከመደቡ ላይ። እጃቸው በነጠላ ቁራጭ ከአንገታቸው ተንጠልጥሏል። «ይኸ ልጅ ሊያጎርሰኝ ነበር፤ እንቢ አልኩት። ሲያጎርስ እኮ ጥቁር ሰሌዳ የሚጽፍ ነው የሚመስል፤ አፌን ይስተዋል።»

«ምን ላድርግ፣ አልተማርኩት» አለ ባምላኩ ከበሩ።

«ስንት ዓመት ተምረህ!»

የብርጓል እጇን ታጥባ የድንቹን ወጥ በእንጀራ ጠቅልላ አጎረሰቻቸው። ዝም ብለው አላመጡ። ከዋጡ በኋላ እጇን ያዝ አድርገው አገላብጠው አዩት።

«እጅሽ ያውቃል» አሉ። «ሰው የሚያጎርስ እጅ ብዙ ነው። ሰው ምን ያህል እንደሚርበው የሚያውቅ እጅ ግን ጥቂት ነው። ትልቅ አድርገሽ አታንቂኝም፤ ትንሽ አድርገሽ አታስለምኝኝም።»

የብርጓል ቀጣዩን ጉርሻ ጠቀለለች።

«ነገ እኮ ስብሰባ ነው» ቀጠሉ እማማ ዓይናዲስ። «እናገራለሁ። ተናግሬ አላውቅም፤ ነገ ግን እናገራለሁ። ይኸው ልጅ ድምፅ ማጉያውን ይይዝልኛል።»

«ምን ሊሉ ነው እማማ?»

«ስለዚያች ፊሽካ ነፊ። እኔ እኮ በሌሎቹ አላዝንም፤ እንጀራቸው ነው፤ መጥተው ይወስዳሉ። እሷ ግን ሳትደርስብን ከሩቅ ነው የምታሸብረን። ጅብ እንኳ ከመብላቱ በፊት እንዲህ አይጮኽም። ምን አደረግናት? በሕልሜ ሁሉ ትነፋብኛለች። ሌሊት ሰምቼ ስነሳ እጄን ረስቼ እመረኮዝበታለሁ፤ ከዚያ እስኪነጋ ነው።»

ባምላኩ ተነሣ። የሚናገር መሰለ። «እማ…» አለ።

«አቤት?»

የብርጓል ወደ እሱ ዞረች።

«ውኃ ልቅዳልሽ?»

«ቅዳልኝ።»

ወደ ጓዳ ገባ። የብርጓል ጉርሻውን እንደያዘች ቀረች። እንግዲህ እኔው ልናገር ነው ብላ አፏን ስትከፍት እማማ ዓይናዲስ ቀደሟት።

«በቃኝ፣ ጠገብኩ። ይልቅ አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ይኸ እጄ ከታሰረ ወዲህ ማማተብ አልሆነልኝም፤ ሳላማትብ እየተኛሁ ልቤ አልረጋ አለኝ። አንች አማትቢልኝ።»

«እኔ?»

«ልጄ አይደለሽ?»

የብርጓል እጇን ዳግመኛ ታጠበች። ከዚያ ተንበረከከችና «በስመ አብ» ብላ ጀመረች። ከግንባራቸው ወደ ደረታቸው፣ ከግራ ትከሻቸው ወደ ቀኝ። እማማ ዓይናዲስ ዓይናቸውን ጨፍነው እያንዳንዱን ቃል በከንፈራቸው ተከተሏት። የሰው ገላ ላይ እንዲህ በቀስታ እጇን አሳርፋ አታውቅም። ሲጨርሱ ፊታቸው እንደ ሕፃን ፊት ለስልሶ ነበር። ያን ፊት ለማስከፋት ከየት ይመጣል ጉልበቱ?

ባምላኩ ውኃውን ይዞ ሲመለስ የብርጓል ነጠላዋን አስተካክላ ወደ በሩ እየሄደች ነበር። ሲተላለፉ ትከሻቸው ተነካካ። ሁለቱም ያንን ንክኪ ይቅርታ ሊያደርጉት ፈለጉ፤ ይቅርታ ግን አልሆነም።

*

አዳራሹ ሞልቷል። ደንብ አስከባሪዎቹ ከኋላ፣ የጎን በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ተደርድረዋል። የሥራ ባልደረባዋ ጌቾ ወደ ጆሮዋ ተጠጋ።

«ዛሬ ካባረሩን ባጃጅ ነው የምነዳ» አላት። «ያኔ ደግሞ አንች ትከሽኛለሽ።»

«እኔስ ተባርሬ የለ?»

«እሱን ረሳሁት። እንግዲያው ከከሳሽ ነፃ ሆኜ መኖሬ ነው!»

መድረኩ ላይ የሰብሳቢነቱን ወንበር የያዘው የክፍሉ ኃላፊ አቶ እንዳላማው ነው። ንግግሩ ከጀመረ ቆይቷል። አንድ ባለ ሱቅ ተነሥቶ ነበር፤ «ግብር እከፍላለሁ፤ በሬ ላይ ቲማቲም ተዘርግቶ ደንበኛዬ በሰማይ ይግባ?» ብሎ አስቆ ተቀመጠ። ዱላ የያዙ ዓይነ ስውር ሽማግሌ ተከተሉ። «እኔ በእግረኛው መንገድ ስሄድ ሽንኩርት እረግጣለሁ፤ ይቅርታ እላለሁ። ከሽንኩርቱ ስሸሽ ባጃጅ ይገጨኛል፤ እሱ ይቅርታ አይለኝም። መንገዱን የሚያስለቅቅ ሰው ከሌለ እኔ ቤቴ ልቀር ነው ማለት ነው።» ከዚያ አንድ ጎረምሳ ተነሥቶ «ለሚያባርር ሰው ከምትከፍሉ፣ ለሚባረሩት ቦታ ስጧቸው!» አለ፤ ጭብጨባው ጣሪያውን አናጋው።

የብርጓል ሁሉንም ሰማቻቸው። ለሽማግሌው «እውነታቸውን ነው» አለች በልቧ። ለጎረምሳውም «እውነቱን ነው» አለች። ሁለቱም እውነት መሃል ላይ ቡትስ አድርጎ የሚቆመው ሰው ግን እሷ ናት፤ ጠዋት ተነሥታ ያን ጫማ ማሠር ምን ያህል እንደሚከብድ የጠየቀ የለም።

ፊት ለፊቷ፣ ራቅ ብሎ፣ የባምላኩ ማጅራት ይታያታል። እናቱ አጠገቡ ናቸው። ስልኳ ነዘረ። «ኮፍያሽን ዝቅ አድርጊ» ይላል መልእክቱ። የብርጓል አነበበችው። ከዚያ ኮፍያዋን ጨርሳ አወለቀችና ጉልበቷ ላይ አኖረችው።

«እናት፣ ይናገሩ» አለ አቶ እንዳላማው።

እማማ ዓይናዲስ ተነሡ። ባምላኩ ድምፅ ማጉያውን ያዘላቸው።

«ዓይናዲስ እባላለሁ። ሽንኩርት ነው የምሸጥ። ቀጥሩ አልል፣ አትቅጠሩ አልል፤ እሱን እናንተ ታውቃላችሁ። እኔ የምለው ስለ አንዲት ሴት ነው። ሌሎቹ ዝም ብለው መጥተው ይወስዳሉ፤ ይሁን። እሷ ግን ከመታጠፊያው በፊት ፊሽካ ትነፋብናለች፤ እንደ ከብት ታስበረግገናለች። ይኸ እጄ የተሰበረው በእሷ ፊሽካ ነው። ሌላ አልፈልግም፤ እሷ ትነሳልኝ።»

አቶ እንዳላማው ወደ ፊት ዘንበል አለ። «ከመታጠፊያው በፊት?»

«በፊት ነው እንጂ! ሁልጊዜ።»

ፊቱ ተለዋወጠ። ዓይኑን አሻግሮ የኋላውን አግዳሚ ከዳር እስከ ዳር አየው። «ማን ናት?» አለ። ጌቾ ጣሪያው ላይ የሚነበብ ነገር እንዳለ ሁሉ ቀና ብሎ ቀረ። የብርጓል የምታየው የባምላኩን ማጅራት ብቻ ነበር። አሁን ይዞራል አለች። አሁን «እማ፣ ነገሩ እንዲህ አይደለም» ይላል። ድምፅ ማጉያው እጁ ላይ ነው፤ ክንዱን ማጠፍ ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ማጅራቱ ላብ አውጥቶ ሲያብረቀርቅ አየችው። አልዞረም።

ተነሣች።

«እኔ ነኝ።»

እማማ ዓይናዲስ ወደ ድምፁ ዞሩ። ዓይናቸው እንደ ልማዱ መጀመሪያ ጫማዋ ላይ አረፈ። እዚያ ጥቂት ቆየ። ከዚያ በሱሪዋ፣ በቀበቶዋ፣ ደረቷ ላይ በተንጠለጠለው ፊሽካ አድርጎ ቀስ እያለ ወጣና ፊቷ ላይ ደረሰ።

«የብርጓል?» አሉ። ባምላኩ ማጉያውን ማራቅ ረስቶ ስለነበር ስሟ አዳራሹን ሞላው። «አንች ነሽ?»

«እኔ ነኝ እማማ።»

«በዚያው እጅሽ ነው ያጎረስሽኝ?»

«በዚሁ እጄ ነው።»

«በዚያው ነው ያማተብሽልኝ?»

የብርጓል በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። ከወንዶቹ መሃል «ማን ማንን ነው ያጎረሰው? ስብሰባው ሠርግ ሆነ እንዴ!» ብሎ አንዱ ተረበ፤ ጥቂቶች ሳቁ። እማማ ዓይናዲስ ወደ ልጃቸው ዞሩ። ፊቱን አዩት። እሱ ደግሞ የማጉያውን ገመድ ያያል። እናት ናቸውና አልጠየቁትም፤ ከዚያ በላይ ማየት አላስፈለጋቸውም። ቀስ ብለው ተቀመጡ።

የብርጓል እንደቆመች ናት። እንዲህ ነበር ብላ ብትናገር ሰበብ ይመስላል። ዝም ብትል ደግሞ ፊሽካው ቢያንስ ለሴቶቹ ይተርፋል፤ አለቃዋ ገሥጿት ያልፍ ይሆናል። ዝም አለች። ከዚያ ዝምታ ልታድናት የተነሣችው ግን ሌላ ሴት ነበረች።

«ምነው ዓይናዲስ! ምነው!» ጎመን ሻጯ ሥራነሽ ማጉያ ሳትጠብቅ ጮኸች። «ያ ፊሽካ እኮ ነው ያኖረን! እንድንሰበስብ እኮ ነው የምትነፋልን! እሷ ተረኛ የሆነች ቀን አንድ እስር ጎመን ተወስዶብኝ አያውቅም። ሁላችንም እናውቃለን፤ አንች ደንጋጣ ስለሆንሽ ብርግግ ትያለሽ። እግዜር ይስጣት ብለን ዝም ያልነው እንዳያባርሯት ብለን ነው!»

ሴቶቹ አጨበጨቡ። አንዲቷ እልል አለች። ለደንብ አስከባሪ እልልታ ያ አዳራሽ ሰምቶ አያውቅም።

«እናመሰግናለን እናት» አለ አቶ እንዳላማው በቀዘቀዘ ድምፅ። «ብዙ ነገር ነው ያስረዱን። ሆን ተብሎ ነበር ማለት ነው።»

ሥራነሽ ያኔ ገባት። እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ሰኞ ጠዋት ቢሮ» አለ አቶ እንዳላማው ወደ የብርጓል ሳያይ። «ልብስሽንና ፊሽካሽን ይዘሽ። ወደ አጀንዳችን እንመለስ።»

ተቀመጠች። ማልቀስ የምትችል መስሏት ነበር፤ አልመጣላትም። የመጣው እንቅልፍ ነበር፤ ረዥም መንገድ ሄዶ ሸክሙን ያወረደ ሰው የሚይዘው ዓይነት።

በዚህ ጊዜ ባምላኩ እጁን አወጣ።

ማጉያውን አስተናጋጁ ተቀብሎት ወደ ሌላ ረድፍ ወስዶታል። «ተራ ይጠብቁ መምህር፤ ከእርስዎ በፊት ተናጋሪ አለ» አለው ሰብሳቢው። ባምላኩ ጠበቀ። ዕድሜውን ሙሉ ልጆችን «እጅ አውጡ፣ ተራ ጠብቁ» ሲል ኖሯልና ክንዱን ቀጥ አድርጎ፣ ጣቶቹን ዘርግቶ ጠበቀ። አንድ ሰው ስለ መንገድ መብራት ተናገረ። ሌላው ስለ ቆሻሻ ገንዳ። እጁ አልወረደም። የብርጓል ከኋላ ሆና ያን እጅ አየችው። ወደደችው። የምትወድለትና የምትጠላበት ነገር የተጣበቁ መሆናቸውን እያወቀች ወደደችው። አንድ ቀን ብቻ ሳይፈቀድለት ቢናገር ኖሮ!

አጠገቧ የሆነ ጥላ ወደቀ። ቀና አለች።

እማማ ዓይናዲስ ናቸው። በግድግዳው ጥግ ጥጉን መጥተዋል። ነጠላቸው ከትከሻቸው ተንሸራትቶ መሬት ይጎትታል፤ በአንድ እጅ መልሶ መጣል አልሆነላቸውም።

«ለእኛ ነበር የምትነፊው?» አሉ በሹክሹክታ።

«አዎ እማማ።»

«ለምን ታዲያ ያን ያህል ታስረዝሚዋለሽ? ልቤ እስኪወልቅ!»

«እርስዎ ከሁሉም ራቅ ብለው ነው የሚቀመጡት። እንዲደርስዎ ብዬ ነው።»

መድረኩ ላይ «ቀጣይ፣ መምህር ይቀጥሉ» የሚል ድምፅ ተሰማ።

«ደክሞኛል» አሉ እማማ ዓይናዲስ። «ቤት አድርሽኝ።»

«እማማ…»

«ይቅር አላልኩሽም። ደክሞኛል ነው ያልኩሽ።»

የብርጓል ተነሥታ የወደቀውን ነጠላ አነሣች፤ አራግፋ በሁለቱም ትከሻቸው ላይ አጣፋችላቸው። ፊሽካውን ከአንገቷ አውልቃ ከኮፍያው ጋር አግዳሚው ላይ ተወችው። ጌቾ ሸርተት አለና የተቀመጠችበትን ክፍተት ሞላው።

«ባምላኩ እባላለሁ» አለ ድምፅ ማጉያው። «መምህር ነኝ። የምናገረው ስለ ደንብ አስከባሪ… አይደለም። ስለ አንዲት ሴት ነው።» አዳራሹ አጉረመረመ። ፊቱን ወደ መድረኩ፣ ጀርባውን ወደ እነሱ አድርጎ ነበር። «ትናንት መናገር ነበረብኝ። ዛሬም ከሁሉም በፊት መናገር ነበረብኝ። እሑድ ሽማግሌ የምልክባት…»

ሰው ሁሉ ወደ እሱ ዞሯል፤ የኋላዎቹ ለማየት ቆመዋል። የጎን በሩ ላይ የተቀመጠው ዘበኛ እሱኑ እያየ፣ ማን እንደሚያልፍ ሳይመለከት እግሩን ሰበሰበ።

ውጭ ካፊያ ጀምሯል። እማማ ዓይናዲስ ደረጃው ጫፍ ላይ ቆመው በጤናማው እጃቸው የየብርጓልን ክንድ ፈለጉ። አጥብቀው ያዙት። ከኋላቸው፣ በተከፈተው በር፣ ባምላኩ ስሟን ሲጠራ ሰማች፤ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት፣ ሳይፈራ፣ ጮክ ብሎ። ልቧ ወደዚያ ሊመለስ ተነሣ።

ክንዷ ላይ ያለው እጅ ግን ከብዶ ነበር፤ ደረጃውም ርጥብ ነው።

«ቀስ ይበሉ እማማ» አለች፤ የመጀመሪያዋን ደረጃም አብረው ወረዱ።